ክቡር ልብስ ሰፊያችን ትዕግሥት ሲለማመዱ

ሰው ጠባዬን ላሻሽል ብሎ በተነሣ ቁጥር መከራውን የሚያየው ጎረቤቱ ነው። እንዲህ ያለ ሰው በየሰፈሩ አንድ አይጠፋም። ለኛ ግቢ የደረሱን ክቡር ልብስ ሰፊያችን ናቸው።

ክቡርነታቸው ቁጡ ነበሩ። ክር ሲበጠስባቸው የሚያሰሙት ጩኸት ከመንገዱ ማዶ ያለውን ሰው ከቤቱ ያስወጣል። አምና የአምስት ዓመት የልጅ ልጃቸው የጨርቅ ማስመሪያ ጠመኔያቸውን ብትረግጥባቸው እንደልማዳቸው ጮኹ። ሕፃኗ ጠረጴዛ ሥር ገብታ አልወጣም አለች። እናቷ ጎትታ አወጣቻትና፣ "አባዬ፣ ቁጣህ ካልበረደ ሁለተኛ አላመጣትም" ብላ ሄደች። ክቡርነታቸው ሳምንቱን ሙሉ አልጮኹም፤ አልሰፉምም።

ከዚያ እኔ ጋ መጡ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነውና እንዴት እንደሆነልኝ ጠየቁኝ። በየቀኑ አንዷን ፊደል ገጽ ሙሉ እጽፍ ነበር አልኳቸው። ምነው አፌን በቆረጠው።

ከማግስቱ ጀምሮ ትዕግሥት በሰዓት ሆነ። ጠዋት ዳቦ ቤት ሄደው ረጅሙን ሰልፍ ይይዛሉ፤ ተራቸው ሲደርስ ለኋለኛው ይለቁና እንደገና ከጭራው ይጀምራሉ። ሰው ዳቦ ይዞ ይመለሳል፣ እሳቸው ትዕግሥት። ቀጥሎ የሰፈራችንን ጫማ ጠጋኝ እንዲሰድባቸው ይለምኑታል። እሱ ጨዋ ነውና "ስፌትዎ ትንሽ ጠመም ይላል" ከማለት አያልፍም።

"ይኼ ስድብ ነው? በደንብ አናደኝ እንጂ!" ብለው አንድ ቀን ጮኹበት። የቆጠሩት ቀን ሁሉ ተሰረዘ። ላልጮኹበት ቀን ግድግዳው ላይ በጠመኔ አንድ መስመር ያሰምራሉ፤ የጮኹ ዕለት ሁሉም ይታጠብና ከአንድ ይጀመራል። ግድግዳው አራት ጊዜ ታጥቧል።

እንዲሰፉልኝ የሰጠኋቸው ቀሚስም አራት ወር ጠበቀ። በጠየቅኩ ቁጥር "እማማ፣ እርስዎም በዚያው ይለማመዱ" ይሉኛል።

አርባኛው መስመር በተሰመረ ማግስት ቀሚሴ ኪሱ ብቻ ቀርቶት የስፌት መኪናው ላይ ነበር፤ እኔም ልወስደው መጥቻለሁ። ልጃቸው ቁጣቸው በረደ ሲባል ሰምታ ሕፃኗን ይዛ በሩ ላይ ቆመች። ለአንድ ሰዓት ብቻ ነው አለች፤ ቦርሳዋን ከትከሻዋ አላወረደችም።

ክቡርነታቸው ወንበር ሊያመጡ ዞር እንዳሉ የስፌት መኪናው ተንጣጣ። ሕፃኗ ፔዳሉ ላይ ወጥታ የቀሚሴን ኪስ ከዳር እስከ ዳር ደፍናዋለች። ስታየን ሮጣ ጠረጴዛው ሥር ገባች። እናቷ የቦርሳዋን ማንገቻ ጨበጥ አደረገች።

የክቡርነታቸው የአንገት ሥር ተገተረ። አፋቸው ተከፈተ፣ ተዘጋ፣ እንደገና ተከፈተ። ከዚያ ጉልበታቸውን ይዘው በርከክ አሉና፣ "እጅሽን ወጋሽ እንዴ፣ የኔ እናት?" አሉ።

አልወጋኝም የሚል ቀጭን ድምፅ ከሥር መጣ። እናቷ ቦርሳዋን ወንበሩ ላይ አኖረች።

እኔ ግን አራት ወር የጠበቅኩት ቀሚስ ነው። ልጮኽ አፌን ስከፍት ክቡርነታቸው ከወለሉ ሳይነሡ ጣታቸውን ቀሰሩ።

"እማማ፣ እስከ አሥር ይቁጠሩ።"

ቆጠርኩ። ስድስት ላይ ሳቄ አመለጠኝ። ስፌቱን ሊፈቱ መቀስ ሲያነሡም፣ "ይተዉት፣ አይንኩት" አልኳቸው። የኔም የመጀመሪያው የፊደል ገጽ እንደዚሁ ነበር የተንሻፈፈው።

አሁን ያንን ቀሚስ ከላዬ አላወልቅም። ኪሱ አይከፈትም፤ መሀረቤን በእጄ ይዤ እሄዳለሁ።