የቋቱ አስተዳዳሪ

በዚህ አገር በየመሥሪያ ቤቱ፣ ስሙን ስትጠይቁት ማዕረጉን የሚነግራችሁ አንድ ሰው አይጠፋም። ሠራተኛው ጥቂት ይሁን ብዙ፣ ጣሪያው ያፍስ አያፍስ፣ እሱ አለ። እጃችሁን ለሰላምታ ስትዘረጉለት ካርዱን ያስይዛችኋል። «እንዴት አደርክ?» ብትሉት «በሙያዬ በኩል ደህና ነኝ» ይላችኋል። ጅማ ላይ ይህ ሰው ዳግማዊ ይባላል፤ ከሰው ሁሉ በላይ የተሸከሙት ደግሞ አለቃው አቶ ሙሐመድሳኒ ናቸው።

አቶ ሙሐመድሳኒ የጅማው ሄርማታ ሰፈር ልጅ ናቸው። ከቡና ነጋዴ ቤት ተወልደው፣ በቡና ጆንያ ላይ ተኝተው ያደጉ፣ ቃል የማያባክኑ ሰው። የገበሬዎች የቡና ዩኒየን ሲመሩም በራቸው ላይ የተጻፈው «ሥራ አስኪያጅ» ብቻ ነበር። ከሳቸው ቀጥሎ ያለው በር ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ዳግማዊ ከዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ ተመርቆ ሲቀጠር በሩ ላይ «የኮምፒውተር ባለሙያ» የሚል ወረቀት ለጠፈ። ጥቂት ቆይቶ «የመረጃ ቋት ባለሙያ» ሆነ። ክረምቱ ሲወጣ «የመረጃ ቋት አስተዳዳሪ»። ለገና ደግሞ «ዋና የመረጃ ቋት አስተዳዳሪና የርቀት ጣቢያዎች መረጃ ማናበብ ከፍተኛ ስፔሻሊስት»። የሾመው የለም፤ ደመወዙም ንቅንቅ አላለም። ማዕረጉ ብቻ እንደ ዱባ ሐረግ በራሱ ጊዜ አደገና ከበሩ አልፎ ግድግዳው ላይ ወጣ። የስም ካርዱም ለሁለት ታጥፎ እንደ መጽሐፍ የሚገለጥ ሆነ።

ሥራው ግን እውነተኛ ሥራ ነበር፤ ይህን አቶ ሙሐመድሳኒም አይክዱም። ዩኒየኑ በአጋሮ፣ በሊሙ፣ በገራ፣ በየጫካው ዳር የቡና ማጠቢያ ጣቢያዎች አሉት። ገበሬው ቀይ እሸቱን አምጥቶ ሲያስረክብ ጣቢያው ያለችው ኮምፒውተር ትመዘግባለች። ከዚያ የየጣቢያው መረጃ በሞደም አድርጎ ጅማ ከሚገኘው ትልቁ ኮምፒውተር ጋር መናበብ አለበት። ዳግማዊ ይህን «ሲንክ» ይለዋል፤ ያለ እሱም ውሎ አያድርም። «ሲንክ ያልሆነ ነገር እንዳልተደረገ ይቆጠራል» ማለት ይወዳል። የሒሳብ ሠራተኛዋ ውብነሽ እህቷ ወንድ ልጅ መገላገሏን ያበሰረች ለት ቢሮው በእልልታ ሲደበላለቅ፣ እሱ በሩን ገርበብ አድርጎ «ለአባትየው ሲንክ ሆኗል?» ሲል ጠየቀ። አባትየው ለካ አዲስ አበባ ነበር፣ አልሰማም። ውብነሽ እየሳቀች ስልክ አነሳች።

በቡና ለቀማ ወራት የጠዋቱ ጸሎት ይኸው ነው፤ ዳግማዊ ከገራ ጣቢያ መዝጋቢዋ ከለጢፋ ጋር በስልክ ሲጯጯህ ግቢው ሁሉ ይሰማል።

«ሄሎ! ለጢፋ! ሞደሙን ከፍ ያለ ቦታ አድርጊው!»

«ጣሪያ ላይ ነበር እኮ ያደረግኩት!»

«ነበር ማለት ምን ማለት ነው?»

«ጦጣ ይዛው ወጣች! ዛፉ ላይ ናት፣ ወላሂ ይኸው ታየኛለች!»

ዳግማዊ ለአፍታ አሰበ። «እስቲ እዪልኝ፣ ከዛፉ ላይ ሲግናሉ ይሻል ይሆን?» አላት።

ለጢፋ ስልኩን ዘጋችበት። ከሰዓት በኋላ አቶ ሙሐመድሳኒ ጠረጴዛ ላይ «የገራ ጣቢያ የመገናኛ መሣሪያ በዱር እንስሳ ቁጥጥር ሥር የዋለ መሆኑን ስለማሳወቅ» የሚል ሪፖርት ተቀመጠ። አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ፣ ዓይናቸውን አሹ፣ «ሱብሓነላህ» አሉና አዲስ ሞደም እንዲገዛ ፈረሙ።

የባሰው ማዕረግ ማደል የጀመረ ለት ነው። ለራሱ አንሶት አይደለም፤ ለጋስ ስለሆነ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋን ቆንጂትን «የሰርቨር ክፍል አካባቢያዊ ጥራት አስተባባሪ» አላት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቆንጂት ጫማውን ያላራገፈ ሰው በዚያ በር አላሳለፈችም፣ የቦርዱን ሊቀመንበር ጨምሮ። ዘበኛው ቱሉ ደግሞ «የመግቢያ ቁጥጥር ኦፊሰር» ሆነ። በማግሥቱ አቶ ሙሐመድሳኒ መኪናቸውን ወደ ገዛ ግቢያቸው ሊያስገቡ ሲሉ ቱሉ ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ዘረጋ።

«ኦቦ ሙሐመድሳኒ፣ መታወቂያ።»

«ቱሉ! አታውቀኝም?»

«ቱሉ ያውቅዎታል» አለ ቱሉ በትሕትና። «ኦፊሰሩ ነው የሚጠይቀው።»

መታወቂያቸውን አሳዩ። ሲገቡም ያንን ልጅ አንድ ቀን ጆሮውን ይዘው ከነካርዱ እንደሚያባርሩት ለራሳቸው ማሉ። ይህን መሐላ ግን ከዚያ በፊትም ብዙ ጊዜ ምለውታል።

ታዲያ ዘመኑ የአሠራር ለውጥ ዘመን ነበር። መሥሪያ ቤቱ ሁሉ ግድግዳ እያፈረሰ፣ ጠረጴዛ እያዟዟረ፣ ሰውን ሁሉ «የሥራ ሂደት ባለቤት» እና «ፈጻሚ» እያለ እንደገና ሲያጠምቅ ዩኒየኑም ወግ አይቅርብኝ ብሎ አዲስ መዋቅር አሠራ። መዋቅሩ ሲመጣ ሁሉም የየራሱን ስም ፈለገ። ዳግማዊም ፈለገ። ሰንጠረዡ ግርጌ ላይ ተገኘ፦ «የመረጃ ሠራተኛ»።

ያን ቀን ዳግማዊ በሩ ላይ ያለውን ሁሉ አንድ በአንድ ነቀለ። ቆንጂት ሻይ ብታቀርብለት አልጠጣም። ለጢፋ ከገራ ደውላ «ዛሬ ለምን አልጮህክብኝም? አሞሃል?» አለችው። አቶ ሙሐመድሳኒ ሁልጊዜ የተመኙት ጸጥታ ይኸው ሰፈነላቸው፤ ግን ምሳቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ።

ከሰዓት በኋላ ዳግማዊ በራቸውን አንኳኳ። ኮፍያውን በእጁ እያሽከረከረ ቆመ።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎ ነበር። ሽማግሌ እንዲሆኑኝ ነው።»

«ለማን?»

«ሩሐማ ትባላለች። ቦሳ አዲስ ሰፈር፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት የአቶ ተክለጻድቅ ልጅ። ቀኑ ከተቆረጠ ቆይቷል፣ እሑድ ነው። አጎቴ ከፈለ አብረውዎት ይሄዳሉ። ግን…» አንገቱን ደፋ። «አባቷ ጠያቂ ናቸው አሉ። ልጁ ምንድን ነው ቢሉስ? ‹የመረጃ ሠራተኛ› ብለው ልጃቸውን ሊጠይቁልኝ ነው?»

አቶ ሙሐመድሳኒ ትክ ብለው አዩት። የሚስቁበት ቀን ነበር፤ ሳቁ ግን አልመጣም። «ሂድ ሱፍህን አስተኩስ። የቀረውን ለኛ ተው» አሉት።

እሑድ ጠዋት ሁለቱ ሽማግሌዎች ቦሳ አዲስ ደረሱ። አቶ ከፈለ ጡረታ የወጡ የፖስታ ቤት ሰው ናቸው፤ ነጭ ጋቢ ለብሰዋል። አቶ ሙሐመድሳኒ የዒድ ኮታቸውን አድርገዋል። አቶ ተክለጻድቅ ከወፍጮ ቤታቸው ጎን ካለው መኖሪያቸው ደጅ ተቀበሏቸው። ዓይናቸው ሳቂታ፣ ድምፃቸው ግን ወፍጮው በሌለበትም ከወፍጮ በላይ የሚጮኽ ትልቅ ሰው ናቸው።

«ግቡ፣ ግቡ! ተቀመጡ!»

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አቶ ከፈለ፣ እንደ ወጉ። «ልጅዎን ለልጃችን ልንጠይቅ መጥተናል።»

«እሺ። ልጃችሁ ምን ይሠራል?»

አቶ ከፈለ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከደረት ኪሳቸው የወንድማቸውን ልጅ ካርድ አወጡ። ገለጡት፤ መነጽራቸውን ግን ቤት ረስተውታል። ከሩቅም ከቅርብም ሞከሩና «አስተዳዳሪ ነው» አሉ፣ ከሁሉ የጎላው ቃል እሱ ነበር።

«አስተዳዳሪ!» አሉ አቶ ተክለጻድቅ። «የየት ወረዳ?»

«የወረዳ እንኳ አይደለም፤ የቋት ነው።»

«የቋት?» አቶ ተክለጻድቅ ወደ ወፍጮ ቤታቸው ዞር አሉ፤ ቋት ማለት ለሳቸው ዱቄቱ የሚጠራቀምበት የወፍጮ ሆድ ነው። «ወፍጮ አለው? በየት በኩል? እኔ ሳላውቀው እዚህ ሰፈር ሌላ ወፍጮ ተተከለ?»

«የመረጃ ቋት ነው» አሉ አቶ ሙሐመድሳኒ ቸኩለው። «ከየጣቢያው የሚመጣው መረጃ አንድ ቦታ የሚጠራቀምበት።»

«መረጃ ይፈጫል?»

«አይፈጭም። ይናበባል።»

«ማን ያነበዋል?»

ከመጋረጃው ጀርባ የታፈነ የሴት ሳቅ ተሰማ። አቶ ሙሐመድሳኒ ላባቸውን ጠረጉ። አንድ መሥሪያ ቤት የሚመሩ ሰው ናቸው፤ የገዛ ሠራተኛቸውን ሥራ አስረድተው መጨረስ አቃታቸው። ማዕረጉን ተዉትና ሰውየውን ይዘው ተነሡ።

«አቶ ተክለጻድቅ፣ ልንገርዎ። ባለፈው ዓመት ነው። ቡናችን ወደ ውጭ እንዲሄድ የሁሉም ጣቢያ መረጃ ተሟልቶ መቅረብ ነበረበት። ካልተሟላ ገዢው ‹ከየት እንደመጣ የማላውቀውን ቡና አልወስድም› ይላል። ያለ ወቅቱ ዝናብ ጣለና የገራን መንገድም ስልኩንም ቆረጠው። የገራ ገበሬ ዓመት የደከመበት ቡና መጋዘን ሊቀር ሆነ። እኔና ይህ ልጅ በፒክአፕ ወጣን፤ ግማሽ መንገድ ላይ ጭቃው ዋጠን። እኔ ‹እንመለስ› አልኩ። እሱ በዚያ ሲያልፉ የነበሩ አንድ ሽማግሌን በቅሎ ለመነ።»

«በቅሎ ይችላል?» አሉ አቶ ተክለጻድቅ፣ አንድ እርምጃ ቀረብ ብለው።

«ከዚያ በፊት በሥዕል ነው የሚያውቃት! የገራን መረጃ የሚቀዳበትን ላፕቶፕ በላስቲክ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አዘለው። ሽማግሌው ‹አቲ ኤኙ?› አሉት፤ ማን ነህ ማለታቸው ነው፣ በቅሏቸውን ለማን እንደሚሰጡ ይወቁ እንጂ። ይኼ ልጅ ኮርቻው ላይ ሆኖ ማዕረጉን መናገር ጀመረ። ‹ዋና የመረጃ ቋት አስተዳዳሪና የርቀት ጣቢያዎች…› ሲል በቅሎዋ ሰልችቷት ይዛው ሄደች። የቀረውን ከሩቅ፣ ከጫካው ውስጥ ነው የሰማነው።»

አቶ ተክለጻድቅ በሳቅ ጉልበታቸውን ያዙ። መጋረጃውም ተወዛወዘ።

«በማግሥቱ መጣ» አሉ አቶ ሙሐመድሳኒ፣ ድምፃቸው ሳያስቡት ዝቅ ብሎ። «በእግሩ፣ በቅሎዋን እየጎተተ። ፊቱ አይለይም፣ ጭቃ ነው። አንድ እግሩ ባዶ ነው። ወንዙን ሲሻገር ጫማውን ውኃ ወሰደበት፤ ላፕቶፑን ጭንቅላቱ ላይ ይዞ ነበርና ጎንበስ ብሎ አልያዘውም። የገራ ቡና ሄደ። ያ ሁሉ ገበሬ የልፋቱን አገኘ። ልጁ ያንን ቀን አንድ ጊዜም አንስቶት አያውቅም። ስለ ማዕረጉ ሲያወራ ይውላል እንጂ፣ ስለ ጫማው ወላሂ አንድ ቃል ተናግሮ አያውቅም። ሥራው ምንድን ነው ካሉኝ ይኸው ነው። የኔ ልጅ ቢሆን እኮራበት ነበር።»

የመጨረሻዋን ቃል ሲናገሩ ራሳቸው ደነገጡ። አቶ ከፈለም ዞር ብለው አዩአቸው።

አቶ ተክለጻድቅ ዓይናቸውን በጋቢያቸው ጠረጉ። «ተቀመጡ» አሉ። «ልጄን ሰጥቻለሁ።»

እልልታው ከጓዳ ወጣ። ወዲያው ምግብ ቀረበ፤ ለአቶ ሙሐመድሳኒ በተለየ ገበታ። የአቶ ተክለጻድቅ ጎረቤት ቲጃኒ ከጓዳው በኩል ብቅ አለ።

«አሰላሙ ዐለይኩም፣ አቶ ሙሐመድሳኒ። በሉ፣ ይብሉ፤ እኔ ነኝ ያረድኩት፣ ሚስቴ ናት የሠራችው። በጓን አቶ ተክለጻድቅ ትናንት ነው ያመጡልን።»

አቶ ሙሐመድሳኒ የያዙትን ቁራሽ በአየር ላይ አቆሙት። «ትናንት?» አሉና ወደ ቤቱ ባለቤት ዞሩ። «አቶ ተክለጻድቅ! ገና ሳንጠይቅዎ?»

«ልጄ ከመረጠችው ቆየች» አሉ ሰውየው፣ ጥርሳቸው እስኪታይ እየሳቁ። «የልጁንም ነገር ከሷ ስሰማ ነው የከረምኩት። ስለ ጫማው ግን እሷም አታውቅም ነበር። ሰው በእጮኛው አፍ ሁሌም ጥሩ ነው፤ አለቃው ምን እንደሚል ልስማ ብዬ ነው ያስለፋሁዎ።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አቶ ሙሐመድሳኒ ተታለው ያን ያህል የተደሰቱበት ቀን አልነበራቸውም። ለሰላት ውሃ ፈልገው ወደ ውጭ ሲወጡ ዳግማዊን አገኙት። ቤት ሆኖ መጠበቅ አልቻለም፤ የተተኮሰ ሱፉን ለብሶ የወፍጮ ቤቱን ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። ጀርባውና ትከሻው በዱቄት ነጥቷል። በዓይኑ ብቻ ጠየቃቸው።

አቶ ሙሐመድሳኒ ጠጋ አሉት። አዞሩትና ዱቄቱን ከትከሻው ላይ በመዳፋቸው እያራገፉ፣ ክራባቱን አስተካከሉለት። «ግባ። ይጠብቁሃል» አሉት።

መዋቅሩ አልተቀየረም፤ ወረቀት ላይ ዳግማዊ እስከ ዛሬ የመረጃ ሠራተኛ ነው። በሩ ላይ ግን በማግሥቱ አቶ ሙሐመድሳኒ ራሳቸው ሰሌዳ ጸሐፊ ጠርተው፣ በዘይት ቀለም፣ ሙሉ ማዕረጉን አስጻፉለት። ከገራ ጋር የሚደረገው ጩኸትም ተመለሰ።

ሠርጉ ካለፈ በኋላ አንድ አርብ፣ ሄርማታ መስጊድ ደጅ፣ የልጅነት ጓደኛቸው ጠሃ አገኛቸው። «ሽማግሌ ሆነህ ቦሳ አዲስ ሄድክ አሉ። ለማን ነው?»

አቶ ሙሐመድሳኒ ቀጥ ብለው ቆሙ። «ለዋና የመረጃ ቋት አስተዳዳሪና የርቀት ጣቢያዎች መረጃ ማናበብ ከፍተኛ ስፔሻሊስት፣ የዱር እንስሳት ጉዳይ አማካሪና የገራ መንገድ በቅሎ ጋላቢ» አሉ፣ በአንድ ትንፋሽ። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የጨመሩት እሳቸው ናቸው።

«ማሻአላህ!» አለ ጠሃ አፉን ይዞ። «ይህ ሁሉ አንድ ሰው ነው?»

«አንድ ነው» አሉ አቶ ሙሐመድሳኒ። «ሁለተኛ ግን የለውም።»