ውኃው ሳይመጣ የተነበበው ዜና

የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ ሆናችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ጋይንት ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ሆኜ አውቃለሁ። ሥራዬ የሆነውን ማውራት መስሎኝ ነበር። አለቃዬ ግን ያልሆነውንም እንዳወራ ይፈልጉ ነበር።

አንድ ቀን ጠሩኝና፣ «የቦኖው ውኃ ዜና ነገ ገበያ ላይ በድምፅ ማጉያ ይነበብ» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ ውኃው እኮ ገና አልመጣም!»

«አንተ ዜናውን አንብብ፤ ውኃው ይደርስበታል።»

ምን ላድርግ? «ቦኖው ሥራ ጀመረ፤ ነዋሪዎችም ደስታቸውን ገለጹ» ብዬ ጻፍኩ፤ ገበያ መሐል ቆሜም አነበብኩ። በማግስቱ ዜናውን የሰሙ ሴቶች ጀሪካን ይዘው ደረቁ ቦኖ ላይ ተሰለፉ። ማን ያስረዳቸው? አለቃዬ እኔኑ ላኩኝ።

ከሰልፉ ፊት አንዲት አሮጊት መነኩሲት ቆመዋል።

«ትናንት ደስ ብሏቸዋል ያልከው አንተ ነህ፣ ልጄ?»

«አዎ፣ እማሆይ።»

«ማንን ጠይቀህ ነው ደስ ያለኝ? እኔ እንደሁ ገደሉን መውረድ ቀረልኝ ብዬ ስለት አስገብቼ መጣሁ።»

አንገቴን ደፋሁ። ጀሪካናቸውን ተቀብዬ ገደሉን ወርጄ ከምንጩ ቀዳሁላቸው። እያለከለክሁ ስመለስ፣ የቀሩት ሴቶች ጀሪካናቸውን ደርድረው ይጠብቁኛል።