የካፒቴን ናሆም ለቅሶ

እኛ ሠርግ ብንቀር ሰበብ አናጣም፤ አመመኝ፣ ታክሲ አጣሁ ብለን እንገላገላለን። ለቅሶ ከቀረን ግን ጉዳችን ፈላ። እናንተም ታውቁታላችሁ፤ በብዙ ነገር ይቀለዳል፣ በሞት ግን አይቀለድም። ያልጠረጠረ ተመነጠረ እንዲሉ፣ እኔ ይህን ረስቼ ነው ማይክራፎን ተሸክሜ፣ ለቅሶ ልቀዳ ወደ ሽሮ ሜዳ የወጣሁት።

ሥራዬ ሙዚቃ መድረስ ነው። ያን ሰሞን ዊንጌት በተከራየኋት ክፍል ውስጥ ለአንድ የሳይንስ ልብ ወለድ ተከታታይ ድራማ ሙዚቃ እሠራ ነበር፤ ግማሹ በኦርኬስትራ፣ ግማሹ በኤሌክትሮኒክስ። ቫዮሊኖቹ ተቀድተዋል፣ የጠፈር መንኮራኩሩም በሲንተሳይዘር ማጓራት ጀምሯል። የቀረኝ መጨረሻው ነበር፤ ዋናው ሰውዬ፣ ካፒቴን ናሆም፣ ጠፈር ላይ ሲሞት የሚሰማው የሴቶች ለቅሶ። ዳይሬክተሩ ዳዊት «ምን አደከመህ? ኮምፒውተሩ ያልቅስልህ» አለኝ። ኮምፒውተሩ አለቀሰ። ጥርሱን ያመመው ሰው ይመስል ነበር! እኔ ደግሞ እምቢ ካልኩ እምቢ ነኝ፤ ወይ የሰው ለቅሶ ይገባበታል፣ ወይ ስሜ ከድራማው ይወጣል ብዬው ተነሣሁ።

እትዬ አማረች ሽሮ ሜዳ የጥበብ ልብስ የሚሸጡ፣ ሙሾ በማውረድ ግን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቃቸው ሴት ናቸው። ጎረቤቶቻቸውን ሰብስበው ቤታቸው ጠበቁኝ። ድራማ መሆኑን ነግሬ፣ ያለ ግጥም፣ በድምፅ ብቻ እንዲያለቅሱልኝ ለመንኳቸው።

«እንዲሁ በባዶው? ሟርት ነው እኮ ልጄ! ማነው የሞተው?»

«ካፒቴን ናሆም።»

«የማን ልጅ ነው? እናቱ አለች?»

እናት ፈጠርኩለት። ልጆችም ጨመርኩለት። ዓይናቸው አሁንም ደረቅ ነው።

«የትስ ሞተ?»

«ጠፈር ላይ። ሰው የሚባል በሌለበት።»

«ውይ! ቀባሪ ሳይኖረው?»

እትዬ አማረች ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩ። አንዷ ስታነሣ ሌላዋ ከሥር እየተቀበለቻት፣ ቤቱ በለቅሶ ተናወጠ። ማን ሞተ እያለ የገባው ጎረቤት ሁሉ መልሱን ሳይጠብቅ ያለቅስ ጀመር። ሰውዬውን ከወረቀት ውጭ የማላውቀው እኔ እንኳ ማይክራፎኑን እንደያዝኩ ተንሰቀሰቅኩ።

ለቅሶውን ከቫዮሊኑ ጋር አዋሕጄ ለዳዊት አሰማሁት። ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ግሩም ነው፤ ግን ሁለተኛ ምዕራፍ ሊሠራ ተወስኗል፣ ናሆም አይሞትም» አለኝ።

«ይሞታል» አልኩት። «የተለቀሰለት ሰው ነው።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

«እንግዲያው ሽሮ ሜዳ ውጣና፣ እትዬ አማረች ፊት ቆመህ፣ አልሞተም በላቸው።»

ሳቁ ቆመ። ዳዊትም የሰፈር ልጅ ነው፤ ሴቶችን ጠርቶ በከንቱ ማስለቀስ ምን እንደሚያስከትል ያውቃል። ሲከራከረኝ ከረመና በመጨረሻ እጁን ሰጠ፤ ካፒቴን ናሆምም በወጉ ሞተ።

ድራማው ታይቶ ሲያልቅ፣ ከመጀመሪያው ክፍል አንስቶ እስከ ለቅሷቸው ድረስ አብረን እንድናይ ብዬ እትዬ አማረች ቤት ሄድኩ። ስልኬን ከፈትኩላቸው። ናሆም እየሳቀ ወደ መንኮራኩሩ ሲራመድ አዩና ፊታቸውን አዞሩ።

«ዝጋው ልጄ፣ በማርያም! አልቅሼ የሸኘሁትን ሰው ቆሞ ሲሄድ አላይም።»