«ከየት ተለክቶ?» የሚሉት ሰውዬ

በየመሥሪያ ቤቱ እንዲህ ያለ ሰው አይጠፋም፤ ሁሉም ተስማምቶ ወረቀቱን ሊሰበስብ ሲል ጉሮሮውን የሚጠርግ። የእኛው፣ በቀልድ «ክቡርነታቸው» የምንላቸው ሴርቬ ፋሰን ናቸው።

እኛ ኔዘርላንድ፣ ሊምቡርግ ውስጥ፣ ከቤልጅየም በሚመጣው ማስ ወንዝ ዳር፣ ውኃው መቼና ምን ያህል እንደሚመጣ የምንተነብይ ሰዎች ነን። ክቡርነታቸው የሚንከባከቡት ሶፍትዌር የቤልጅየሞችን የወንዝ መለኪያ፣ የዝናቡን ትንበያና እርስ በርስ የማይስማሙ ሞዴሎችን ሁሉ አንድ ሰሌዳ ላይ ያሰባስባል። የሞዴሎቹ ባለቤቶች ምሳ እንኳ አብረው አይበሉም። አዲስ ሞዴል ይዞ የመጣ ሁሉ ልጅ ሊጠይቅ እንደመጣ ሽማግሌ ይመረመራል፤ ጥያቄው ግን አንድ ነው፤ «ከየት ተለክቶ?» ቤልጅየሞች ከፍታ መቁጠር የሚጀምሩት ከእኛ ዜሮ ከሁለት ሜትር በላይ ዝቅ ብለው ነው። ስለዚህ ያው ውኃ ድንበር ሲሻገር ቁጥሩ ይቀነሳል። ይህን እየሰማን ሸብተናል።

ክፋቱ አመላቸው ቤት ድረስ ይከተላቸዋል። ከሞዴል ሠሪዎቻችን አንዱ፣ ፍሎር፣ ልጄ ቁመቷ ጨመረ ብሎ ቢኩራራ «ከነጫማዋ?» አሉት። እናቴ ትሩይ የምትኖረው ወንዙ ዳር ባለው የአረጋውያን ቤት ነው። ልደቷ ላይ እንግዳው ክብ ሠርቶ እንደተቀመጠ፣ ወንዙ ከእኔ ቤት ሃያ እርምጃ ነው ብትል «ከየትኛው በር?» ብለው ጠየቋት። እናቴ የቼሪ ፍላይ ኬካቸውን ከነሳህኑ ነጠቀቻቸው።

«ይሄን ጨቅጫቃ ሁለተኛ እንዳታመጪብኝ» አለችኝ፣ እንዲሰሙ ጮክ ብላ።

ሐምሌ ላይ ዝናቡ አላባራ አለ። የእናቴ ቤት ይለቀቅ አይለቀቅ የሚለው በእኛ ቁጥር ላይ ተንጠለጠለ። የአልጋ ቁራኛ የሆኑ ሰዎችን በዚያ ዝናብ ማንሳት ራሱ ሊገድል ይችላል። ፍሎር በዚያው ሳምንት ያስገባው ሞዴል ግን ውኃው ከግቢው በታች ይቆማል አለ። ክፍሉ በሙሉ ተነፈሰ። እኔም እፎይ ብዬ፣ ይቆዩ ልላቸው ስልኩን አነሳሁ።

ክቡርነታቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሴርቬ፣ በእናትህ፣ ዛሬ እንኳ ተወን» አልኩ።

«የምጠይቀው ለእናትሽ ነው። ከየት ተለክቶ?»

ፍሎር ወደ ሰሌዳው ጠጋ ብሎ አየ፤ ፊቱ ቀላ። ሞዴሉ ቁጥሩን ወደ እኛ ዜሮ ቀይሮ ነበር የላከው። ሶፍትዌሩ ደግሞ የቤልጅየም መስሎት እንደ ልማዱ ድጋሚ ቀነሰለት። እውነተኛው ውኃ ሰሌዳው ካለው ከሁለት ሜትር በላይ ከፍ ይላል ማለት ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል፤ ያን ቀን ሊመነጠሩ የነበሩት ግን እናቴና ጎረቤቶቿ ናቸው። በያዝኩት ስልክ «አሁኑኑ አስወጧቸው» አልኩ። አዛውንቱ ከመምሸቱ በፊት አንድም ሳይቀር ወጡ፤ እናቴ በቤት ጫማዋ፣ ያስወጣትን ሰው እየተራገመች። ክቡርነታቸውን ልስማቸው ምንም አልቀረኝም ነበር።

ቤቱ ታድሶ ሲመለሱ፣ እናቴ ውኃው ግድግዳዋ ላይ የተወውን መስመር እንዳይቀቡት ከለከለች። ልደቷ ሲደርስ «ያን ጨቅጫቃ ጥሪልኝ» አለች።

መጡ፤ ክቡ ውስጥ ተቀመጡ። መስመሩ ከራሳቸው በላይ ነው። ውኃው እስከዚህ ደረሰ ብላ ብታሳያቸው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ከወለሉ ነው፣ ልጄ፤ ያለ ምንጣፉ» አለች ቀድማ፣ ትልቁን የፍላይ ቁራጭ እየሰጠቻቸው። «አሁን ብላ።»