እትዬ ድገሚ እና የእናቴ ወንበር

በየቤተሰቡ ጂም የጀመረ አንድ ሰው አይጠፋም፤ የቀረው ቤተሰብ ሥራ ከእሱ መሸሸግ ነው። በእኛ ቤት ይህን ሹመት የያዙት ክብርት አክስቴ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ ልብስ ሰፊ፣ በስተርጅና ብረት ማንሳት የጀመሩ። እናቴን «አንቺ» እያልኩ ታናሽ እህቷን «አንቱ» የምለው ዕድሜያቸውን አክብሬ ሳይሆን ክንዳቸውን ፈርቼ ነው። ከጀርባቸው ግን ሁላችንም «እትዬ ድገሚ» እንላቸዋለን።

እትዬ ድገሚ እንደ ሰው ሰላም አይሉም። ክንድሽን ጨበጥ ያደርጉና «ይሄ ምንድነው? ትራስ ነው?» ይላሉ። የሙሽራ ክንድ ጨብጠዋል፤ የባንክ ገንዘብ ከፋይ እጅ በመስኮት ስበው ጨብጠዋል። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ አንድ ቀን «ሴት ብረት ካነሳች ወንድ ትመስላለች» ቢላቸው፣ ከነወንበሩ አንስተው በሩ ላይ አስቀመጡትና «በል እንግዲህ፣ ፂም ሳወጣ አንተው ትላጨኛለህ» አሉት።

እኔም እሸሻቸው ነበር፤ እናቴ መታጠቢያ ቤት እስክትወድቅ ድረስ።

አጥንቷ ተረፈ። እግሯ ግን ከዳት፤ ያለ ደጋፊ ከወንበር መነሳት አቃታት። ወንድሜ ቤቷ ተዘግቶ እሱ ጋ እንድትገባ ወሰነ። እናቴ አልተከራከረችም። የበሯን ቁልፍ ብቻ ከኪሷ አላወጣ አለች።

«አንድ ወር ስጡኝ» አሉ እትዬ ድገሚ።

የወጥ ቤቱን ወንበር ግድግዳ አስደግፈው፣ ከፍ እንዲል ትራስ ደራረቡበት። «ተነሺ፣ ተቀመጪ፣ ድገሚ!» እናቴ ጠንከር ስትል አንድ ትራስ ይቀንሳሉ። ወንበሩ ዝቅ ባለ ቁጥር መነሳቱ ይከብዳል። «ጡንቻ የለመደውን ሥራ ይንቃል» ይላሉ፣ ትራሱን ታቅፈው።

ገና በመጀመሪያው ሳምንት እናቴ «ጭኔን! ጭኔን!» እያለች ከአልጋ መውረድ አቃታት። ወንድሜ ሐኪም ፍለጋ ሮጠ፤ ጎረቤቶች ብርቱካን ይዘው ሊጠይቁ መጡ። እትዬ ድገሚ ጭኗን ጫን ጫን አደረጉና አጨበጨቡ።

«እሰይ! ጡንቻዋ ሰማ! ይሄ በሽታ አይደለም፣ መልስ ነው። ስትሠራ ትንሽ ይጎዳል፣ ስታርፍ ይጠገናል፣ ሲጠገን ይጠነክራል። ዛሬ ዕረፍት ነው። እንቁላል ቀቅሉላት፤ ብርቱካኑን ለእኔ!»

ጎረቤቶቹ «እግዜር ይማርሽ» ይበሉ ወይስ «እንኳን ደስ አለሽ» ግራ ገብቷቸው ሁለቱንም ብለው ወጡ።

ወሩ አለቀ። በሩ ተንኳኳ፤ ወንድሜ ነው፣ ለዕቃዋ ማሸጊያ ካርቶን ተሸክሟል። ልከፍት ብድግ ስል እትዬ ድገሚ በአንድ እጃቸው ሶፋው ላይ መለሱኝ።

«ተቀመጪ!»

እናቴ ትራስ ከሌለው ወንበር ላይ፣ ምንም ሳትደገፍ ተነሳች። ቀስ ብላ ሄደች፣ ቁልፉን ከኪሷ አወጣች፣ በሯን ከፈተች። ወንድሜ ካርቶኑን መሬት አስቀመጠ። እሷም ክንዱን ጨበጥ አደረገችና «ይሄ ምንድነው? ትራስ ነው?» አለችው።

እትዬ ድገሚ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ወንበሩን የሚያስተካክሉ መስለው ዓይናቸውን ጠረጉ። ያን ጊዜ ምን ያህል እንደምወዳቸው ገባኝ። ሄጄ አንገታቸው ላይ ተጠመጠምኩ። ክንዴን ጨበጥ አደረጉት፤ ትራስ ነው አላሉም።

«ድገሚ» አሉኝ።

ደገምኩ።