ወገን ለዪው ሃምሳ አለቃ

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ አሰላፊ አይጠፋም። ለቅሶ ቤት ብትሄዱ ማን ከማን አጠገብ እንደሚቀመጥ የሚወስን አለ። የእድር ድንኳን ሲተከል፣ ገና አንድ ካስማ ሳይመታ፣ «አንተ በዚህ፣ አንተ በዚያ» እያለ የሚያዝ አለ። ማንም አልሾመውም፤ ማንም ደግሞ ሊሽረው አልቻለም። የሰው ልጅ ብቻውን ሲሆን ምንድን ነው በሚለው ላይ ፈላስፎች ብዙ ተጨቃጭቀዋል። ሁለት ሆኖ ሲቆም ማን በቀኝ፣ ማን በግራ ይሁን የሚለውን ግን በእርግጠኝነት የሚያውቀው አሰላፊው ብቻ ነው።

በሃምሳዎቹ መጀመሪያ የካ ሚካኤል አካባቢ ይህን ሥልጣን የያዙት ክቡር ሃምሳ አለቃ አካሉ ነበሩ። በሠራዊቱ ውስጥ ሥራቸው መኮንኖች ሲሠለጥኑ የአሸዋ ገበታ ማሰናዳትና ተጫዋቹን በየወገኑ መደልደል ነበር። ጡረታ ሲወጡ ጨዋታውን ይዘውት መጡ። የተነቀለ በር በሁለት ሣጥን ላይ አጋደሙ፣ አሸዋ አፈሰሱበት፣ አሸዋውን ተራራና ወንዝ አድርገው ሠሩት። እግረኛው ጦር ከእንጦጦ የተለቀመ የባሕር ዛፍ ፍሬ ነው፤ ፈረሰኛው የጠርሙስ ቡሽ።

እሁድ ከሰዓት በኋላ አራት ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ እንጨት ነጋዴው አቶ ፈዬራ፣ አውቶቡስ ነጂው ገብረ ክርስቶስ፣ ባለ ሱቁ ሳልህና መምህሩ ሰቦቃ። መጀመሪያ ሰሞን ሁሉም ገበታውን ከበው ነበር የሚጫወቱት። ጦርነቱ ግን አልነሳ አለ። ሳልህ የአቶ ፈዬራን ፈረሰኛ አንድ ጊዜ ከበበና እጁን ሰብስቦ፣ «እርስዎ ይቅደሙ ጋሼ» አለ። አቶ ፈዬራም፣ «ኧረ በሞቴ፣ አንተ ጀምር» አሉ። ጀምበር እስክትጠልቅ ሁለት ጦር ሲገባበዝ ዋለ።

ሃምሳ አለቃ በማግስቱ አዋጅ አወጡ። «ዓይን ለዓይን የሚተያይ ጎረቤት አይዋጋም!» ከዚያ ወዲያ አንዱ አዛዥ ከነምክትሉ ሳሎን፣ ሌላው ከነምክትሉ ጓዳ፣ ገበታው በረንዳ ላይ ሆነ። አዛዦቹ ገበታውንም እርስ በርስም አይተያዩም። ወሬውን የሚያመጡት፣ ትእዛዙን የሚወስዱት፣ ያለቀውን ጦር ከአሸዋው ላይ የሚያነሱት ሃምሳ አለቃ ራሳቸው ናቸው። ከዚያ ሁለተኛው አዋጅ መጣ፤ ዘመድና ዘመድ በአንድ ወገን አይሰለፍም። «ዘመድ ዘመዱን ተሳስተሃል አይለውም። ጦር ያለቀው በጥይት መሰለህ? በ‹እሺ ጋሼ› ነው ያለቀው!»

ይህ ሁሉ ለሰቦቃ ጨዋታ ነበር፤ የአቶ ፈዬራን ልጅ ጂቱን እስኪወድ ድረስ። አንድ እሁድ ከሁሉም ቀድሞ መጣ።

«ሃምሳ አለቃ፣ ዛሬ ከአቶ ፈዬራ ጋር ያሰልፉኝ።»

«ለምን ሲባል?»

«ያው… ያውቁ የለ? ቅዳሜ ሽማግሌ ልልክባቸው ነው። የምልከውም እርስዎን ነው!»

«እንግዲያው ዘመድ ልትሆኑ ነው?»

«እግዚአብሔር ካለ።»

«እንግዲያው በአንድ ወገን አትሰለፉም። አንተ ሳሎን፣ እሳቸው ጓዳ። ምክትልህ ሳልህ።»

ሰቦቃ ሳሎን ገብቶ ተቀመጠ። አቶ ፈዬራ በገና ጨዋታ ያሸነፋቸውን ሰው እስከ ፋሲካ ሰላም አላሉትም ይባላል። ቢያሸንፍ ልጅቷን ያጣል። ቢሸነፍላቸውስ? ሰውዬው ሲለማመጡት የሚንቁ ሰው ናቸው። ጦሩን በተቻለው መጠን ከማንም ጋር በማያጋጥም ጥግ ሲያዘዋውረው ቆየ። ግን ሃምሳ አለቃ በር ላይ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«የጠላት ፈረሰኛ ወንዙን ተሻግሯል። እግረኛው ማዶ ቀርቷል። አዛዡ ከፈረሰኛው ጋር ናቸው።»

«አለቀላቸው!» ሳልህ ጭኑን መታ። «ያዛቸው እንጂ!»

«አፈግፍጉ» አለ ሰቦቃ።

ሃምሳ አለቃ ከቆሙበት አልተነቃነቁም። «ይሄ ትእዛዝ ነው ወይስ እጅ መንሻ?»

«ትእ… ትእዛዝ ነው።»

«እኔ የጦር መልእክተኛ ነኝ ልጄ፤ እጅ መንሻ አልሸከምም። እንደገና አስብ።»

ሰቦቃ አሰበ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ትሕትና ይሁን ፍርሃት ብዙ ጊዜ ራሱን ጠይቆ ያውቃል፤ የዚያን ቀን ግን ፍርሃት መሆኑን አወቀ። «ይያዙ» አለ፤ ድምፁ ለራሱም አልደረሰው።

ሃምሳ አለቃ ትእዛዙን ወደ በረንዳ ወሰዱ። ከዚያ አቶ ፈዬራ ከጓዳ ወጡ። የተማረከውን ቡሻቸውን ቆመው አዩት፣ ካፖርታቸውን አነሱ፣ «ደህና ዋሉ» ብለው ሰቦቃን ቀና ብለው ሳያዩት ሄዱ።

በዚያ ሳምንት መምህር ሰቦቃ ሰሌዳው ላይ የጻፈውን እያጠፋ፣ ያጠፋውን መልሶ እየጻፈ ሰነበተ። ጂቱን ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ መንገድ ላይ ጠበቃት።

«አባትሽ ምን አሉ?»

«ምንም። እንጨት እየፈለጡ ነው።»

«የሚፈልጥላቸው ሠራተኛ የለም እንዴ?»

«ሠራተኛውን አሰናብተው ነው የሚፈልጡት።»

ቅዳሜ ሽማግሎቹ ሄዱ፤ ሃምሳ አለቃ፣ ገብረ ክርስቶስና ሳልህ። ጠያቂው በሽምግልናው ቦታ አይገኝምና ሰቦቃ የሳልህን ሱቅ እየጠበቀ ቀረ። ብዙም ሳይቆይ ሳልህ እያለከለከ መጣ።

«ጨረሳችሁ?»

«የት! ሃምሳ አለቃ ናቸው የላኩኝ። አዛዡ፣ ያው አንተ፣ ሳይጠየቅ መልስ አልሰጥም ብለው።»

«የምን መልስ?»

«አቶ ፈዬራ ‹ልጄን እሰጣለሁ፤ ግን ከእንግዲህ ልጁ በእኔ ወገን ይሰለፋል› አሉ።»

«እሰየው! እሰየው! ታዲያስ?»

«ሃምሳ አለቃ እምቢ አሉ።»

ሰቦቃ የጨው ጆንያ ላይ ቁጭ አለ።

«‹ዘመድ በአንድ ወገን አይሰለፍም› አሉ! ለሽምግልና ተልከው! ገብረ ክርስቶስ ጎሸም ቢያደርጋቸው እሱን ተቆጡት። ኋላ ግን ትንሽ ለዘብ ብለው ‹እሺ ጋሼ የማይል ምክትል ከሆነ ይሁን› አሉ። እሱን ደግሞ አንተ ራስህ እንድትናገር ነው።»

እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ ይታወቃል? ለልጅቷ አባት፣ ልጅቷ በምትጠየቅበት ቀን፣ እሺ አልልዎትም ብሎ መማል! ሰቦቃ ጣሪያውን አየ፣ በሩን አየ፣ ደግሞ ጣሪያውን አየ።

«በላቸው… ምክትልዎ እሆናለሁ። ሲሳሳቱ ግን ተሳስተዋል እላለሁ።»

«ይህንን ላድርስ? ዛሬ?»

«አድርስ! ሐሳቤን ሳልለውጥ ቶሎ ሂድ!»

ሳልህ ሄደ። አንዲት ሴት መጥታ ክብሪት ስትለው ሰቦቃ ሳሙና ሰጣት። ሳሙናውን መልሳ ክብሪት ብትለው አሁንም ሳሙና ሰጣት። ሴትዮዋ «ኤዲያ!» ብላ ስትወጣ ሳልህ ገባ።

«ምን አሉ?»

«ጢማቸውን አሻሹ። ከዚያ ‹ያ ጉርባ! ወይ ይህ ልጅ! እንግዲያው ልጁ ከአሁን ይጀምር። እሁድ ለት ስህተቴ ምን ነበር?› አሉ።»

«ፈረሰኛው እግረኛውን ጥሎ መሻገሩ ነዋ!» አለ ሰቦቃ፤ መምህርነቱ ፍርሃቱን ቀደመው። «ደግሞስ አዛዥ ከፊት ከፊት ይሄዳል እንዴ?»

«ኧረ የጠየቁት አንድ ስህተት ነው!»

«ሁለቱንም ንገራቸው።»

ቀጥሎ የመጣው ሳልህ አልነበረም። ሃምሳ አለቃ አካሉ ራሳቸው፣ ባርኔጣቸውን አስተካክለው፣ ፊታቸው አመድ መስሎ ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ልጅቷ ተሰጥታሃለች» አሉ፣ የጦር ጉዳት እንደሚያስታውቁ ያህል።

«ተሰ… ታዲያ ምነው ፊትዎ?»

«ወገን ጎደለ። አንተ ወደ እሳቸው ስትዞር በማዶ በኩል አዛዥ የለም፤ ሳልህና ገብረ ክርስቶስ ምክትል እንጂ አዛዥ አይደሉም። አቶ ፈዬራ ‹ሌላ ሰው አልፈልግም፣ እርስዎ ራስዎ ይግጠሙን› አሉኝ። እምቢ ብል ነገሩ ሊፈርስብህ ሆነ። እሺ አልኳቸው።»

«ትእዛዙን ማን ያመላልሳል ታዲያ?»

«ጂቱ። በሽምግልናዋ ቀን ከጓዳ ወጥታ ‹እኔ እዳኛለሁ› አለች። አባቷ ሳቁ፤ እኔ ምን ልበል?»

ሰቦቃ ሰውዬውን ትክ ብሎ አያቸው። ሌላውን ሁሉ በየቦታው ሲያቆሙ የኖሩት ሃምሳ አለቃ፣ አንድም ቀን ራሳቸው በአንዱ ወገን ቆመው አያውቁም። አገሩን ሁሉ «በዚህ፣ በዚያ» ሲል የኖረ እጃቸው አሁን የሚያመለክተው አጥቶ፣ ኮታቸውን አንዴ ሲከፍት አንዴ ሲዘጋ ነበር። ስንት ዓመት የፈሯትን ነገር ነው ለእሱ ሲሉ ዛሬ እሺ ያሉት?

«በዕድሜዬ ወገን ይዤ አላውቅም» አሉ ዝግ ብለው። «ብሸነፍስ?»

ሰቦቃ ክንዳቸውን ያዘ። «አይዞዎት ሃምሳ አለቃ። ከማዶ ያለሁት እኮ እኔ ነኝ።»

«የፈራሁትስ እሱን አይደል!» አሉ ሃምሳ አለቃ፤ ክንዳቸውን ግን አላስለቀቁም።