ጥር ላይ የዘነበው ሐምሌ

የቀበሌ ቤት ባለበት ከተማ ሁሉ፣ ሊቀመንበሩ ከኦዲተር አብልጦ የሚፈራው አንድ ተከራይ አለ። ይህ ተከራይ አይጮኽም፣ አይሳደብም፣ አማላጅ አይልክም። ማመልከቻ ይዞ ይመጣል። አንዱ ተነብቦ ሳያልቅ ሌላው ተጽፎ ይደርሳል።

ሞጣ ላይ ይህን ማዕረግ የያዙት ክብርት ወይዘሮ አየሁሽ ነበሩ። የቀበሌው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ታዘበው በልቡ "እመ ማመልከቻ" ይላቸዋል። ታዘበው የቢቸና ልጅ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ታሪክ የተማረ፣ ፋይል በቀንና በቁጥር ካልተደረደረ ምሳ የማይወርድለት ሰው። የወይዘሮ አየሁሽ ፋይል ማሰሪያው ሁለት ጊዜ ተበጥሶ ሁለት ጊዜ ለውጦለታል።

ጉዳያቸው ጣሪያ ነው። ስምንት የቀበሌ ቤቶች በአንድ ረድፍ፣ በአንድ ረጅም ቆርቆሮ ሥር ተደርድረዋል፤ ቆርቆሮው ዝጎ ወንፊት ሆኗል። ተከራይ በራሱ እጅ እንዳይነካው ደንብ ይከለክላል። ቀበሌውም በዓመቱ የጥገና ዕቅድ ካልገባ አይነካውም። ዕቅድ ውስጥ ለመግባት ደግሞ ኮሚቴ መጥቶ፣ አይቶ፣ "ያፈሳል" ብሎ መፈረም አለበት።

"ዘንድሮ እናስገባዎታለን፣ እትዬ አየሁሽ" ይላል ሊቀመንበሩ በየዓመቱ።

"በቁጥር ነው ወይስ በአፍ?" ይላሉ እሳቸው።

ይህ ቃል የማይገባበት ቦታ አልነበረም። የባሕር ዳር ሚኒባስ ረዳት "አሁን እንነሳለን" ሲል፣ "በቁጥር ነው ወይስ በአፍ?" የንስሐ አባታቸው "እግዚአብሔር ይፍታሽ" ሲሏቸው አፋቸውን በነጠላቸው የሚይዙት ይህንኑ ላለማለት ነው ይባላል።

በ1999 ዓ.ም. ኅዳር ላይ የታዘበው እናት አረፉ። ወይዘሮ አየሁሽ ለቅሶ ደረሱ፤ ዘመድ በሌለበት ከተማ ሦስት ቀን እንደ ዘመድ ተቀምጠው ሰው ተቀበሉለት። በሦስተኛው ቀን ቀና ብለው ውሃ ያጠቆረውን ኮርኒሱን ሲቃኙ ቆዩና፣ "ልጄ፣ እግዜር ያጥናህ። ይኸ ኮርኒስ ግን ተመዝግቧል?" አሉት።

ታዘበው ከሐዘኑ ተመልሶ ሥራ በገባ በሳምንቱ መጡ።

"ስድስት ዓመት ሙሉ ኮሚቴው እያየ ይሄዳል። ምን ብሎ ነው የሚጽፈው?"

ፋይሉን ገለጠላቸው። ስድስቱም ቃለ ጉባኤ አንድ ነው፦ "ቤቱ ታይቷል፤ ፍሳሽ አልታየም።"

"መቼ መቼ ነው ያዩት?"

"ጥር አሥራ አራት። ጥር ሃያ። ጥር ዘጠኝ..." ስድስተኛው ላይ ሲደርስ የታዘበው ድምፅ ቀነሰ። ወረቀቶቹን በየቀናቸው የደረደራቸው ራሱ ነው፤ ጥር ዝናብ የሌለበት ወር መሆኑ ግን አንድም ቀን አልታሰበውም። ኮሚቴው የሚወጣው ጭቃው ሲደርቅ ነው። ሐምሌ ላይ ወይዘሮ አየሁሽ በስብሰው ሲመጡ ደግሞ ዕቅዱ ተዘግቷል።

ወይዘሮ አየሁሽ ፋይሉን ራሳቸው ዘጉለት። በስድስት ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ቁጥር ሳይጠይቁ ወጡ። ታዘበው ይህን አይቶ ፈራ።

ጥር ደረሰ። ጸሐፊዋ ወልዳ ስለነበር ቃለ ጉባኤ እንዲይዝ ታዘበው ከኮሚቴው ጋር ተላከ። ሊቀመንበሩ ከፊት፣ የግንባታ ባለሙያው ስጦታው ከኋላ ሆነው ገቡ። ወይዘሮ አየሁሽ ሦስት ወንበር አዘጋጅተው ነበር፤ አንዱ ከአንዱ ራቅ ራቅ ብሎ፣ በሜትር የተለካ ይመስላል።

"እንግዲህ የሚያፈሰው የት ነው?" አለ ስጦታው ጣሪያውን በአገጩ እየጠቆመ።

"ትንሽ ቆዩ። እየመጣ ነው።"

ግድግዳውን ሦስት ጊዜ በጡጫ መቱ። ቆርቆሮው ከላይ ተንጫጫ። መጀመሪያ የሊቀመንበሩ ማጅራት ላይ ጠብ አለ፤ ቀጥሎ የስጦታው ቅጽ ላይ፤ ከዚያ የታዘበው ጽሑፍ ላይ። ወዲያው ቤቱ ውስጥ ዶፍ ወረደ።

ስጦታው በበሩ በኩል ጥርት ያለውን ሰማይ አየ። "ይሄ ከየት መጣ?"

"ከሐምሌ ነው። እናንተ እሱ ዘንድ አንሄድም ስትሉ እሱ መጣላችሁ።"

ስጦታው ወንበሩን ወደ ማዕዘኑ ሳበ። "እዚያም ያፈሳል" አሉት። ወደ በሩ ሳበ። "እዚያ ይሻላል። ክረምቱን የምተኛው እዚያ ነው።"

ሊቀመንበሩ ማጅራቱን እየጠረገ ወጣ። ጎረቤታቸው አቶ ፋንታ መሰላል ላይ ቆሞ ጀሪካን ታቅፏል፤ ከሥሩ የሰባት ቤት ሰው ተሰልፎ ውሃ ያቀብለዋል።

"ይሄማ ማጭበርበር ነው" አለ ሊቀመንበሩ። "ሰው ያፈሰሰው ውሃ አይመዘገብም።"

"ጌታዬ፣ ቆርቆሮው እንደሆነ ማን አፈሰሰው ብሎ አይጠይቅም" አሉ ወይዘሮ አየሁሽ ተከትለው ወጥተው።

ሁሉም ወደ ታዘበው ዞሩ፤ ብዕሩ በእሱ እጅ ነው። ከእናቱ ቀብር ወዲህ ፊቱ ተፈትቶ የማያውቀው ሰው ትከሻው ይንቀጠቀጥ ጀመር። እየሳቀ መሆኑን ያወቁት ድምፁ ሲያመልጠው ነው። በረጠበው ወረቀት ላይ ጻፈና አነበበላቸው፦ "ጥር 17 ቀን 1999 ዓ.ም.፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት። ፍሳሽ ታይቷል። በዚህ ገጽ ላይ የተሰራጨው ቀለም ማስረጃ ነው።" ስጦታው እየሳቀ ፈረመ። ሊቀመንበሩ ሳይስቅ ፈረመ።

ግንቦት ላይ ለስምንቱም ቤት የሚሆን ቆርቆሮ ተጭኖ መጣ። በሰኔው የመጀመሪያ ዶፍ ረድፉ በሙሉ ወይዘሮ አየሁሽ ቤት ተሰብስቦ አንጋጠጠ። እሳቸው መዳፋቸውን ዘርግተው ከማዕዘን ማዕዘን ዞሩ፤ በሩ ሥር ብዙ ቆዩ።

"የለም" አሉ በመጨረሻ።

"ምኑ?" አለ አቶ ፋንታ።

"ጠብታው።"

እልልታው ከዝናቡ በላይ ተሰማ። አልጋቸውም ከበሩ ሥር ተነሥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ታዘበው ፋይሉ ላይ "ጉዳዩ ተፈጽሟል" ብሎ ማኅተም አሳረፈ። ግልግል ነው ሲል፣ እሳቸው ይመጡበት በነበረው ሰኞ ዓይኑ ወደ በሩ ይሄድ ጀመር። እመ ማመልከቻ የሌሉበት ሰኞ እንዲህ ረጅም መሆኑን አያውቅም ነበር።

አዲሱ በጀት ዓመት በተከፈተ በሐምሌ አንድ ቀን፣ የማመልከቻ ፌስታላቸውን ይዘው ብቅ አሉ።

"ምነው እትዬ፣ አዲሱ ቆርቆሮ አፈሰሰ እንዴ?"

"የኔስ ደኅና ነው።" ቀና ብለው አዩ። ከታዘበው መደርደሪያ በላይ ላስቲክ ተወጥሯል፤ ከላስቲኩ ጫፍ ሥር ባልዲ ተቀምጧል። ባልዲው እዚያ ከተቀመጠ ዓመታት አልፈዋል። የሰውን ሁሉ ማመልከቻ መዝግቦ የሚያስቀምጠው ሰው ስለ ገዛ ራሱ ጣሪያ አንዲት መስመር አልጻፈም።

ወረቀቱን ዘረጉለት። "የመዝገብ ቤቱ ጣሪያ ያፈሳል። ሠራተኛው ለራሱ መናገር ስለማያውቅ፣ እናቱም በሕይወት ስለሌሉ፣ በእናት ቦታ ሆኜ አመልክቻለሁ።"

ታዘበው ሁለት ጊዜ አነበበው።

"እናየዋለን፣ እትዬ።"

"በቁጥር ነው ወይስ በአፍ?"

መዝገቡን ገልጦ በአዲሱ ገጽ ራስ ላይ "ቁጥር 1" ብሎ ጻፈ። ወይዘሮ አየሁሽ ጎንበስ ብለው አረጋገጡና ወደ በሩ ሄዱ። እዚያ ሲደርሱ ዞር አሉ።

"ፋንታ መሰላሉን እንዳይሸጠው ነግሬዋለሁ። ጥር ሩቅ አይደለም።"